በአባታችን እጅ ብቻ

አሰንስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1999

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ቪቤከ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን የምጠይቅህ እናታችን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችኝ እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። የጓሮው ፖም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ድረስ አፍርቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሸክሞ ተሸክሞ አልጨረሰውም። ለአንተ ግን አንዲት ፍሬ አልልክም።

የላክህልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው እኔ፣ ስምንቱ የባሉጥ እንጨት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች በ1958 በወላጅ አባቴ በፎልመር ኬልጎር እጅ ብቻ መሠራታቸውን በዓይኔ ያየሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ መስመር ተሰምሮልኛል። የት ላይ እንደምፈርም እንዳይጠፋኝ ብለህ በእርሳስ ምልክት አድርገህልኛል። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የተሰመረ መስመር ሳይ አውቃለሁ።

ከወረቀቱ ጋር ያያዝሃትን ብጣሽም አንብቤያታለሁ። «እህቴ፣ ቶሎ ፈርመሽ መልሺልኝ። የጨረታው ቤት ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው። ለወጉ ያህል ናት» ትላለች። ወንበሮቹን ልትሸጣቸው መሆኑን የሰማሁት እንግዲህ ከዚህች ብጣሽ ነው። ስልክ አለህ፤ የእኔንም ቁጥር ታውቀዋለህ። አፍህን ሞልተህ ልትነግረኝ ስላፈርህ በፖስታ ላክህልኝ።

የማርቹን ቀን ላስታውስህ፤ መቼም የማይመችህን ነገር ቶሎ ነው የምትረሳው። እናታችንን ዘንድሮ በጃንዋሪ ቀብረን በማርች ዕቃዋን ልንካፈል ቤቱ ውስጥ ተገናኘን። እንደ ሰው ሁሉ ሁለት የክብሪት እንጨት ያዝን፤ ረጅሙን የመዘዘ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ከዚያ በየተራ። ለአንተ ሰማያዊ ምልክት፣ ለእኔ ቢጫ። ረጅሙ ወጣልህ። ሳታመነታ «ወንበሮቹን» አልህ። የትኛውን ብዬ ስጠይቅህ «ስምንቱንም ነዋ። አብረው የተሠሩ ነገሮች ይነጣጠላሉ እንዴ?» ብለህ ሳቅህብኝ። የአክስታችን ልጆች ማንኪያውን እንኳ አንድ በአንድ እየመረጡ ነው የተካፈሉት። እኔም አንድ አንድ እያልን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ቢያንስ ሦስቱን፣ ቢያንስ አንዱን አገኛለሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን በዚያ ውድ ሱሪህ ተንበርክከህ በስምንቱም ሥር ሰማያዊ ምልክትህን ለጠፍህ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት ወሰድሁ። አይሠራም።

በር ላይ ስንለያይ ፊቴን አይተህ ነው መሰለኝ «የትም አይሄዱም እኮ። ገና በመጣ ቁጥር መጥተሽ ትቀመጪባቸዋለሽ» አልኸኝ። አምኜህ የእናታችንን የተፈቀፈቀ ሳሙና በከረጢት ሰጠሁህ፤ አሠራሩንም ነገርሁህ። በየፀደዩ ለብ ባለ ውኃ በጥብጣችሁ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ እጠቧቸው፣ ዘይት እንዳታስነኩ አልሁ። እንጨቱ ሳይጠቁር ቆይቶ የገብስ ነዶ መልክ የያዘው እናታችን አርባ ዓመት በሳሙና ስላጠበችው ነው። በጁን ቪቤከ ደውላ «የደረቁ መስለውኝ የተልባ ዘይት ቀባኋቸው፣ ምን የመሰሉ ሆኑ መሰለሽ» አለችኝ። የተልባ ዘይት። ባሉጥ ዘይት ከጠጣ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውሁት። እሷ ምን አጠፋች፤ አንተ ነህ ያልነገርሃት።

አሁን ደግሞ የወንበሮቹን ቆዳ ገፍፈህ አዲስ አልብሰሃቸዋል። የእናታችን ቀሚስ፣ የእኛ ሱሪ፣ የእንግዳው ሁሉ መቀመጫ አርባ ዓመት ያለሰለሰው ቆዳ ነበር፤ ጠርዙ ጠቁሮ፣ መሐሉ ማር መስሎ። ገዢ አዲስ ነገር የሚወድ መስሎህ ነው። የጨረታው ቤት ሰውዬ መጥቶ ሲገለብጣቸው ዘይት የጠጣ እንጨትና የትናንት ቆዳ አገኘ። «ታዲያ የፎልመር ሥራ መሆናቸውን በምን ልወቅ?» አለህ። ለዚህ ነው በሕይወት ያለ ምስክር ያስፈለገህ። በሕይወት ያለሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ምስክርነት ከፈለግህ፣ በዓይኔ ያየሁትን ስማ።

የ1957 የበረዶው ክረምት ነው። አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። ለትምህርት ኦዴንሴ አክስታችን ቤት ተቀምጠህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ትመጣለህ። እሑድ ምሳ ላይ እናታችን ለአባባ ሾርባ ስትቀዳለት ሳህኑን ለምን አጋማሽ ላይ እንደምታቆም ጠይቀሃት አታውቅም። ሙሉ ከሆነ ይደፋበት ስለነበረ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጀመሪያ ቀኙ፣ ኋላ ሁለቱም። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ሠራተኞች ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ በምትካቸው ሰው ያልቀጠረው ሰው እንዳያየው ብሎ ነው። የፎልመር እጅ ተንቀጠቀጠ ከተባለ ማን ያሠራዋል?

አንድ ማክሰኞ ከእናታችን ጋር ልብስ ሳሰጣ ጠራኝ። ወርክሾፑ ስገባ «በሩን ዝጊው» አለኝ። መላጊያውን ሰጠኝና «ይህን ያዢ። ክርንሽን ወደ ጎንሽ። አትቸኩዪ፣ ባቡር አያመልጥሽም» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ እጆቹን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከትቶ ከኋላዬ ቆመ፤ እስከ ኤፕሪልም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። እሱ ይናገራል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ምላሱን መቼም ታውቀዋለህ። «ይሄ ማጋጠሚያ ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ?» ይለኛል። «መሮውን ሳዪው እንጂ እንጨቱን አትሳዪው አላልኩሽም?» ይለኛል። የመጀመሪያውን የወንበር መደገፊያ እንጨት ጠርቤ ስጨርስ ወስዶ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን አንሥቶ ጣቶቹ አልረጋ ስላሉት በጉንጩ ዳሰሰው፤ ከዳር እስከ ዳር ጉንጩን አስኬደበት። ከዚያ አስቀመጠውና «ሰባት ይቀራል» አለ።

ሠላሳ ሁለት እግር፣ ስምንት መደገፊያ። የእያንዳንዱን ማጋጠሚያ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የአራተኛው ወንበር የግራ የኋላ እግር ቋጠሮ አለው፤ ያን እንጨት እንዳይጥለው ለምኜው ነው የተወልኝ። በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው። ወረቀትህ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

በሜይ የእናትና አባታችን የጋብቻቸው ሃያ አምስተኛ ዓመት ሆነ። ይህን እንኳ ታስታውሳለህ፣ ኬክ ነበረበት። ጎረቤቶች እንደ ወጉ ገና በጠዋቱ የለመለመ ቅጠል በራችን ላይ እንደ ቅስት አቁመው በጡሩምባ ቀሰቀሷቸው። ስምንቱ ወንበሮች በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ነበር፤ የአባባ ስጦታ ለእናታችን። ዳቦ ጋጋሪው ኤይናር እንደ ልማዱ ለበዓሉ ዘፈን ጽፎ ግጥሙን ለየሰው አደለ። አምስተኛው ቤት የአባባን እጅ የሚያወድስ ነበር። የፎልመር እጅ የነካው እንጨት ዳግም ዛፍ መሆን አያምረውም ይል ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ብርጭቆ አነሣ። አባባ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆመና «አመሰግናለሁ። ጊዜ ወስዶብኛል» አለ። እኔ ስድስቱንም ቤት እስከ መጨረሻው ዘፈንሁ። አንተ ደግሞ ካንደኛው ወንበር ላይ ከነጫማህ ወጥተህ ከሁላችን በላይ ትጮህ ነበር።

ሳህን ስናጥብ እናታችን ወደ እኔ ሳትዞር «ለዛሬ ተዪው። ቀኑ የሱ ነው» አለችኝ። ቀኑ የእሷም ነበር፤ አላልኋትም። ያ «ለዛሬ» አርባ አንድ ዓመት ቆየ።

በዚያው በጋ አባባን ለአናጺነት ፈተና እንዲያስመዘግበኝ ለመንሁት። ያለ እሱ ፊርማ አይቀበሉኝም ነበር። «ካስመዘገብኩሽ እነዚያን ወንበሮች ማን ሠራቸው ብለው ይጠይቁኛል» አለኝ። አልዋሸኝም። «አንድ ቀን» አለኝ። በ1961 መጸው ሞተ። ወርክሾፑ ተሽጦ አንተ የጥርስ ሐኪም ሆንህ፣ እኔ የወተት ፋብሪካ ገብቼ ሠላሳ አራት ዓመት ቅቤ መዘንሁ። ሥራው መጥፎ ነበር አልልም። ግን ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወደዚያ ስሄድ፣ ያረጀ አጥር እንኳ ሳይ እንጨቱ እንዴት እንደተጋጠመ አይ ነበር።

አምሳኛ ዓመትህን ስታከብር ተነሥተህ ብርጭቆህን አንኳኳህ። «እጄን የወረስኩት ከአባቴ ነው» አልህ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። አንተ የሞላህልኝ ሁለት ጥርስ ወልቋል፤ ይህንንም በፊት ነግሬህ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ፈርሜ እልክልህ ነበር። ለአባባ ስል አርባ አንድ ዓመት ዝም ካልሁ አንድ ፊርማ አይገድለኝም። አንተን ልሳደብ ብዬ ብቻ ሐሙስ ዕለት ስልክ ደወልሁ። አንተ የለህም፤ ቪቤከ አነሣችው። መቼም እሷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ መደበቅም አትችልበትም። «ያ ጽሑፍ ባይጠፋ ኖሮ አንቺንም ባላስቸገርንሽ ነበር» አለችኝ።

የምን ጽሑፍ አልኋት። «አልነገረሽም እንዴ?» አለች።

ነገረችኝ። ቆዳ አልባሹ አሮጌውን ቆዳ ሲገፈው ከሥሩ ባለው ሳንቃ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አገኘ። በስምንቱም ላይ። ፊደሉ የሚንቀጠቀጥ፣ መስመር የማይጠብቅ ስለሆነ ልጅ የሞነጫጨረው መስሎት ደወለላችሁ። አብራችሁ ሄዳችሁ። አንተ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያዞርህ አነበብሃቸው። ስምንቱንም። ከዚያ ለሰውየው «አጽዳው» አልኸው፤ እሱም በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። «ስምሽ ነበረበት» አለችኝ ቪቤከ። «ሁሉም ላይ ስምሽ ነበረበት። ሌላውን እኔ አላነበብኩትም፣ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።»

አንተ የአናጺ ልጅ ነህ። ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ከመሳቢያ ጀርባ፣ በእርሳስ እንደሚጽፉ ታውቃለህ። ቀኑን ይጽፋሉ፣ የአየሩን ሁኔታ ይጽፋሉ፣ ማን እንደሠራው ይጽፋሉ። ያ የጨረታ ቤት ሰውዬ ምልክት አምጣ ሲልህ የፈለገው ያንኑ ነበር። በገዛ እጅህ አስፈግፍገህ ስታበቃ መጥተህ እኔን ፊርማ ትለምናለህ። ንጹሕ ይሁን ብለህ ይሁን ወይስ ያነበብኸው ነገር «በአባቴ እጅ ብቻ» የሚለውን ወሬህን ስላፈረሰብህ፣ አልጠይቅህም። አንብበህ ስታበቃ ነው ይህን ወረቀት የላክህልኝ። ይህን ይቅር የምልህ አይመስለኝም።

አሁን የማልነግርህን ነገር ልነግርህ ነው። የእንጨቱ ሥራ ባለቀ ጊዜ አባባ «ቆዳውን እኔ ነኝ የማለብሰው» አለኝ። በዚያ እጁ። ለአንድ ሳምንት አክስታችን ቤት፣ አንተ ወዳለህበት ሰደደኝ። እናታችን ቆዳውን ወጥራ ልትይዝለት ቀረች። መጨረሻዋን ሥራ የነጠቀኝ ኋላ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ለማለት እንዲመቸው መሰለኝ። ባቡሩ ውስጥ እስከ ኦዴንሴ ድረስ ጠላሁት። ስመለስም አልተውሁም። ሦስት ዓመት ተኩል እስኪሞት ድረስ ሥጋውን እየቆረጥሁ አጎረስሁት፣ ፂሙን ላጨሁት፣ ከአዎና ከአይ በቀር ግን አላነጋገርሁትም። አንዳንዴ ትኩር ብሎ ያየኝ ነበር። ውኃ ነው የምትፈልገው እለው ነበር። አይ፣ ይለኛል። ሲቀበር አላለቀስሁም፤ አንተ እንኳ ታዝበኸኝ ነበር።

ለካ የሰደደኝ ከቆዳው ሥር ሊጽፍ ኖሯል። በእነዚያ አርባ አንድ ዓመታት ደግሞ በየገናው፣ በየፋሲካው፣ በየልደቱ ጽሑፎቹ ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ። እናታችን ታውቅ ነበር። ቆዳውን የያዘችለት እሷ ናት። ለምን እንዳልነገረችኝ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም። ያነበበ ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ፤ ከሰው ሁሉ አንተ።

ወረቀትህን ልቀደው ነበር። ለጨረታው ቤትም እውነቱን ልጽፍ ፖስታ ገዝቼ ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም። ወረቀቱ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ነው።

እንዲህ እናድርግ። በስምንቱ ሳንቃዎች ላይ ያነበብኸውን ጻፍልኝ። ቅደም ተከተሉ ቢጠፋህ ግድ የለኝም። የአየሩን ሁኔታ ጽፎ ከሆነ የአየሩን ሁኔታ ጻፍልኝ። ሳትጨምር፣ ሳታሳምር። ሊያስደስተኝ ይችላል ብለህ አንዲት ቃል ከፈጠርህ አውቅብሃለሁ፤ አነጋገሩን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ስድብ ከሆነም ስድቡን ጻፈው። ያን ደብዳቤ ባገኘሁ ቀን፣ ስምንቱንም ወንበሮች አባባ ብቻውን ነው የሠራቸው ብዬ እፈርምልሃለሁ። ሽጣቸው። ለፈለግህ ሰው ሽጣቸው።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፣ ልጆችህን ይባርክልህ፣ ለቪቤከም ወገቧን ይማርላት። ለአንተ ደግሞ ደብዳቤህ እስኪደርሰኝ ድረስ ያነበብኸውን ከልብህ አያጥፋብህ።

እህትህ